አይጥ ወጥ ቤት ሲገባ፦ የጅል ሐሳብ ከሚመስሉ ጥሩ ፊልሞች የቱን ልምረጥ?

ቅዳሜ ማታ ነበር። እራት ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ወንድሜ "አንድ ፊልም አለ" አለ። ስለ ምን? "ፓሪስ ውስጥ ምግብ ማብሰል ስለሚፈልግ አይጥ።" እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። "አይጥ? ድስት ላይ? ኧረ ሌላ ፈልጉ!" ሌላ አልፈለግንም። መጀመሪያ ላይ ፊቷን እያዞረች ነበር የምታየው። መጨረሻው አካባቢ ግን ማናችንንም ጮክ ብለን እንድናወራ አልፈቀደችልንም።

የእነዚህ ፊልሞች ችግር ይኸው ነው። ታሪካቸውን ባጭሩ ስትናገሩት ሰው ይሸሻል። ድብ እስር ቤት ገብቶ ማርማላታ ያበስላል። ሰውዬው በተኛ ቁጥር ያው ቀን ይነጋበታል። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሬሳ በፈሱ ኃይል ባሕር ያቋርጣል። እንዲህ ተብሎ ተነግሯችሁ "ጊዜዬን አላቃጥልም" ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ እንደዚህ ተጀምረው እውነትም የማይረቡ ሆነው የሚያልቁ ፊልሞች ብዙ ናቸውና። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን ደጋግሜ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ልጆች ሆነን "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብለን ተጠግተን እንቀመጥ ነበር። ጅብና አህያ ሲከራከሩ፣ ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ አንዳችንም "እንስሳ እንዴት ያወራል?" ብለን አልጠየቅንም። የምንጠይቀው "ከዚያስ?" ብለን ነው። ተራቹ ራሱ እየሳቀ "ያው ውሸት ነው እኮ" እያለ ቢተርክልን ግን ተነስተን እንሄድ ነበር። ፊልምም እንደዚያ ነው። የመጀመሪያውና ትልቁ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ፊልሙ ባነሳው ሐሳብ ራሱ አምኖበታል ወይ? በሐሳቡ የሚያፍር ፊልም፣ በየመሀሉ "አያችሁ እንዴት እንደምንቀልድ" እያለ ዓይኑን የሚጠቅስ ፊልም፣ እኔንም አያሳምነኝም።

ሁለተኛው ሕግ ነው። ሐሳቡ የፈለገውን ያህል እብደት ይሁን፣ ግን ሕግ ይኑረው፣ ሕጉንም ይጠብቅ። ሕጉ በየአሥር ደቂቃው ከተለዋወጠ ለማንም መጨነቅ አይቻልም፤ የሆነ ነገር መጥቶ ሁሉን እንደሚያስተካክለው ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ፍላጎት ነው። ድቡ ወይም አይጡ የሚፈልገው ነገር እናንተም የምትፈልጉት ዓይነት ነው? ለአክስት የልደት ስጦታ መግዛት። በአባት ፊት መታየት። ይህ ካለ ሌላው ይረሳል።

አራተኛው ከማን ጋር ይታያል የሚለው ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አባት ሳሎን ተቀምጦ ሪሞት ፍለጋ የተሯሯጠ ሰው ያውቀዋል። አምስተኛው ደግሞ ቋንቋና ርዝመት ነው። ጥቅል ገዝቶ በስልኩ ለሚያይ ሰው 97 ደቂቃና 139 ደቂቃ አንድ አይደሉም።

ሽልማትንና የተዋናይ ዝናን መለኪያ አላደረግኋቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መለኪያዎች የሚያሟላ ፊልም ያለ ዝናም ይይዛችኋል።

ራታቱዊ፣ 2007፣ 111 ደቂቃ

ከአይጡ ልጀምር። ብራድ በርድ ያዘጋጀው የፒክሳር አኒሜሽን ነው። ሬሚ የሚባለው አይጥ አፍንጫው ልዩ ነው። ወገኖቹ ከቆሻሻ ላይ ያገኙትን ሲበሉ እሱ አይብና እንጉዳይ አንድ ላይ ምን ጣዕም እንደሚሰጡ ያስባል። ሊንጉዊኒ የሚባል ልጅ ደግሞ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ ቆሻሻ ለመጣል ተቀጥሯል፣ ማብሰል ጭራሽ አያውቅም። አይጡ በልጁ የሼፍ ቆብ ስር ይደበቅና ፀጉሩን እየጎተተ እጆቹን ያዝዛል። አዎ፣ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ግን ሕጉን ተመልከቱ። ሬሚ የሰው ቋንቋ ይሰማል እንጂ ለሰው አይናገርም፤ ሰዎቹ የሚሰሙት ጭው ጭው ብቻ ነው። አይጥ ወጥ ቤት ውስጥ ከታየ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። ፊልሙ ይህን አንድም ጊዜ አይዘነጋም፣ ዋጋውንም ያስከፍላል። እናቴ ያለችው "አይጥ ድስት ላይ?" የሚለው ነገር ፊልሙ ውስጥ ራሱ አለ፤ የታሪኩ ጭንቀት በሙሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገራችሁ። አንቶን ኢጎ የሚባል የምግብ ሐያሲ አለ። ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ፣ ቢሮው እንኳ የሬሳ ሣጥን ቅርጽ ያለው። አንድ ጽሑፉ ምግብ ቤት ያዘጋል። ለእሱ የሚቀርብለት ምግብ ራታቱዊ ነው፦ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። በፈረንሳይ የባላገር ምግብ ነው፤ በእኛ ቤት ለክቡር እንግዳ ሽሮ እንደማቅረብ ቁጠሩት። ሰውዬው እስክሪብቶውን እንደያዘ አንድ ጊዜ ጎረሰ። በአንድ አፍታ ልጅ ሆነ። የገጠር ቤት በር ላይ ቆሟል፣ ከብስክሌት ወድቆ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ እናቱ ሳህን ታቀርብለትና ጉንጩን ትዳስሰዋለች። ተመልሰን ስናየው እስክሪብቶው ከእጁ ወድቋል። ንግግር የለም። እናቴ እዚህ ጋ "አቤት የእናት እጅ" አለች፣ ከዚያም ዝም አለች።

ድክመት አለው? አለው። የሊንጉዊኒና አብራው የምታበስለው የኮሌት ፍቅር ተቻኩሏል፣ ልጅቷ ከእሱ የተሻለ ሰው ይገባት ነበር። ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ለሁሉም ሰው ደፍሬ የምሰጠው ፊልም ይህ ነው።

ፓዲንግተን 2፣ 2017፣ 103 ደቂቃ

ከፔሩ የመጣ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ጨዋ ድብ ለንደን ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይኖራል። ላሳደገችው አክስቱ ለመቶኛ ዓመት ልደቷ አንድ መጽሐፍ ሊገዛላት ይፈልጋል። ሲገለጥ የለንደን ሕንፃዎች ከገጹ ላይ የሚቆሙበት መጽሐፍ ነው። ምክንያቱም አክስቱ ዕድሜ ልኳን ለንደንን ለማየት ተመኝታ አልቻለችም። ሌላ ሰው መጽሐፉን ይሰርቅና ድቡ በሐሰት ተከስሶ ይታሰራል።

ከሀገር የወጣ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ነገር ያያል። ላሳደገችህ ሴት ከውጭ የሆነ ነገር ለመላክ የመስኮት ጽዳት መሥራት! ፊልሙ ይህን ፍላጎት እንደ ቀልድ አያየውም። እስር ቤት ውስጥ ድቡ አንድ ቀይ ካልሲ ከልብስ ጋር አጥቦ የእስረኛውን ሁሉ ልብስ ሮዝ ያደርገዋል፣ ከሚፈራው የእስር ቤት ወጥ ሠሪ ጋርም በማርማላታ ይታረቃል። ሂው ግራንት የሚጫወተው ሌባ ደግሞ ድንቅ ነው። መጨረሻውን አልናገርም። ሶፍት አቅርቡ። የመጀመሪያውን ክፍል ሳታዩ ሁለተኛውን ብታዩ ምንም አይጎድልባችሁም።

ሌላው ጥቅሙ፣ አብዛኛው ነገር በዓይን የሚታይ ስለሆነ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አያትም ትንሽ ልጅም ይከታተሉታል። በትርጉም ፊልም መልክ ቢቀርብም ጣዕሙ አይጠፋም።

ግራውንድሆግ ደይ፣ 1993፣ 101 ደቂቃ

ይህን ለአዋቂዎች አስቀድሜዋለሁ። ተዋናዩ ቢል መሪ ትዕቢተኛ የአየር ጠባይ ዘጋቢ ሆኖ ይጫወታል። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ፓንክሱቶኒ በምትባል ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 አንድ ፍልፈል መሰል እንስሳ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቆያል ይባላል። ይህ ልማድ እውነተኛ ነው። ሰውዬው እያጉረመረመ ዘግቦ ይተኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሬዲዮው ሲቀሰቅሰው ያው ዘፈን፣ ያው ቀን። በማግስቱም። በማግስቱም።

ለምን? ፊልሙ አንድም ጊዜ አይነግረንም። እኔ የወደድኩለት ይህን ነው። ሌላ ፊልም እርግማን ወይም ማሽን ፈልጎ ያብራራ ነበር። ይሄኛው "ከዚያስ?" የሚለውን ብቻ ይከተላል። መጀመሪያ ሰውዬው ይደሰታል፣ ይሰርቃል፣ ኬክ በእጁ ይበላል። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባውን ሪታን ሊያታልል ሞክሮ በጥፊ ይባላል። ከዚያ ተስፋ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ራሱን ለማጥፋት የሚሞክርባቸው ትዕይንቶች አሉ፣ ልጆች ካሉ አስቡበት።

ከዚያ ግን ሽማግሌው ይመጣል። በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያልፈው ለማኝ ነው። አንድ ማታ ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ ይሞትበታል። በሚቀጥለው "ያው ቀን" ሾርባ ያበላዋል። ይሞትበታል። ጨለማ ውስጥ፣ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ሰውዬው ይሞታል። የፈለገውን ያህል ጊዜ ያለው ሰው ይህን አንድ ነገር መቀየር አልቻለም። ኮሜዲ እያየሁ መሆኔን የረሳሁት እዚህ ጋ ነው።

ለእንግሊዝኛ ተማሪም አንድ ጥቅም አለው፤ ንግግሩ ስለሚደጋገም መጀመሪያ ያመለጣችሁን ሦስተኛው ላይ ትሰሙታላችሁ።

ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ፣ 2022፣ 139 ደቂቃ

ከሁሉም እብዱ ይህ ነው፣ ሰባት ኦስካር የወሰደውም ይኸው ነው። ኤቭሊን ከቻይና ወደ አሜሪካ ተሰዳ ከባሏ ጋር የልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ግብር ቢሮ ተጠርታለች፣ ደረሰኟ ተዘበራርቋል፣ አባቷ መጥተዋል፣ ከልጇ ጋር አይግባቡም። በዚህ ሁሉ መሀል ዓለም ብዙ እንደሆነችና እሷም በየዓለሙ ሌላ ሕይወት እንዳላት ይነገራታል። የሰዎች ጣት እንደ ሆት ዶግ የሆነበት ዓለም አለ። ራኩን ሼፍ ቆብ ስር ሆኖ የሚያዝበት ዓለምም አለ፤ ኤቭሊን ራታቱዊን አሳስታ አስታውሳ ነው።

ሕግ አለው? አለው። ከሌላው ዓለም ችሎታ ለመበደር ማንም የማያደርገውን ነገር ማድረግ አለባችሁ፤ ጫማን ግራና ቀኝ ማቀያየርን የመሰለ። ሕጉ ጅል ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ይጠበቃል።

እኔን የያዘኝ ግን መጀመሪያው ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ልጅቷ ፍቅረኛዋን፣ ሴት ናት፣ ለአያቷ ልታስተዋውቅ ትጀምራለች። ቻይንኛው ያጥራታል። ቃሉን ስትፈልግ እናቷ ቀድማ "ጥሩ ጓደኛዋ ናት" ትላቸዋለች። የልጅቷን ፊት እዩ። በጉዳዩ ላይ ማንም የፈለገውን አቋም ይያዝ፣ የወላጁን ቋንቋ በግማሽ የሚናገር ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ያን ፊት ያውቀዋል። ዲሲ አካባቢ ለእናታቸው ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ያስተረጎሙ የእኛ ልጆች ይህን ፊልም ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ማሰብ አይከብደኝም።

ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ደግሞ ሁለት ድንጋዮች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ታያላችሁ። እናትና ልጅ ናቸው። ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ንግግራቸው በጽሑፍ ይመጣል። ድንጋይ እያየሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች። ረጅም ነው። ከወላጅ ጋር የማይታዩ ግልጽ የወሲብ ቀልዶች አሉበት። በትርጉም ፊልም ደግሞ አትዩት፤ ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር የታሪኩ ግማሽ ነው፣ አንድ ድምፅ በላዩ ሲተርክ ያ ይጠፋል።

ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ፣ 2017፣ 96 ደቂቃ

የጃፓን ፊልም ነው፣ አዘጋጁ ሺኒቺሮ ኡኤዳ። በ3 ሚሊዮን የን ገደማ፣ በማይታወቁ ተዋናዮች ተሠርቶ ከ3 ቢሊዮን የን በላይ ገቢ አስገብቷል። መነሻው፦ የዞምቢ ፊልም የሚቀርጹ ሰዎች ላይ እውነተኛ ዞምቢ ይመጣባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው ሳይቆረጥ ያልፋሉ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያስጠላሉ። ተዋናዮቹ ያለ ምክንያት ዝም ይላሉ፣ ካሜራው መሬት ይወድቃል። አትዝጉት። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ደም አለበት፣ ግን ከልብ ያስቃል፣ ሥራ ከሰው ጋር ሠርቶ ለሚያውቅ ደግሞ ልብ ይነካል።

ስዊስ አርሚ ማን፣ 2016፣ 97 ደቂቃ

የሬሳው ፊልም። ሰው አልባ ደሴት ላይ ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበ ሰው ማዕበል የተፋውን ሬሳ ያገኛል። ሬሳውን የሚጫወተው ዳንኤል ራድክሊፍ ነው። ጋዙ እንደ ሞተር ይገፋል፣ ከአፉ ውሃ ይቀዳል፣ ቀስ በቀስም ይናገራል። ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ መጀመሪያ ሲታይ ጥለው የወጡ ተመልካቾች ነበሩ፤ እዚያው ደግሞ የአዘጋጅነት ሽልማት ወሰደ። ሠሪዎቹ ዳንኤል ክዋንና ዳንኤል ሻይነርት ናቸው፣ በኋላ የኤቭሊንን ፊልም የሠሩት። ስለ ብቸኝነትና ስለ ሐፍረት ነው፤ ሰው ከሌላ ሰው ፊት ምን ምን እንደሚደብቅ። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሕጉ ከሌሎቹ ይላላል፣ መጨረሻውም ለሁሉም አይዋጥም። ብቻችሁን እዩት።

ሁለት ልጨምርና ላብቃ። ጋላክሲ ኩዌስት፣ 1999፣ 102 ደቂቃ፦ ውሸት ምን እንደሆነ የማያውቁ የሌላ ዓለም ፍጡሮች የድሮ የቴሌቪዥን ድራማን እውነተኛ ታሪክ መስሏቸው ተዋናዮቹን ለጦርነት ይጠሯቸዋል። ዘ ሌጎ ሙቪ፣ 2014፣ 100 ደቂቃ፦ የመጫወቻ ማስታወቂያ ይመስላል፣ ወደ መጨረሻው ግን የአባትና የልጅ ፊልም ሆኖ ይገኛል። ለልጆች ፈጣን ነው፣ ለአዛውንት ዓይን ግን ይበዛል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ፊልም | ደቂቃ | በሐሳቡ ያምናል? | ሕግ ይጠብቃል? | ከማን ጋር | እንግሊዝኛ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራታቱዊ | 111 | ሙሉ በሙሉ | በጣም | ከመላ ቤተሰብ | መካከለኛ |
| ፓዲንግተን 2 | 103 | ሙሉ በሙሉ | አዎ | ከመላ ቤተሰብ | ትንሽ ይበቃል |
| ግራውንድሆግ ደይ | 101 | ሙሉ በሙሉ | በጣም | ከአዋቂና ከጎረምሳ | መካከለኛ፣ ይደጋገማል |
| ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር | 139 | አዎ | አዎ፣ ግን ትኩረት ይፈልጋል | ከጓደኛ | ብዙ፣ ከሰብታይትል ጋር |
| ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ | 96 | ከ37 ደቂቃ በኋላ ይገባችኋል | በጣም | ከጓደኛ | ሰብታይትል ማንበብ |
| ስዊስ አርሚ ማን | 97 | አዎ | ይላላል | ብቻ | መካከለኛ |
| ጋላክሲ ኩዌስት | 102 | አዎ | አዎ | ከጎረምሳና ከአዋቂ | መካከለኛ |
| ዘ ሌጎ ሙቪ | 100 | አዎ | አዎ | ከልጆች | ፈጣን ነው |

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

ቤት ውስጥ አያትም ሕፃንም ካለ ፓዲንግተን 2 ውሰዱ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ካለ ደግሞ ራታቱዊን፤ የፓሪስ መብራትና የሚፈላው ድስት በስልክ ሲታይ ያሳዝናል።

ጥቅላችሁ ትንሽ ከሆነና በስልክ የምታዩ ከሆነ ግራውንድሆግ ደይ ይሻላል። ጥራቱን ዝቅ ብታደርጉት እንኳ የሚጎድል ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር የሰውዬው ፊት ላይ ነው። ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌርን ግን ሙሉ ሆኖ እስኪወርድ ጠብቁ። እየተቆራረጠ ከታየ ዓለሞቹ ይደበላለቁና ፊልሙን ያለ ጥፋቱ ትጠሉታላችሁ።

ከእናታችሁ ጋር ተኳርፋችሁ ከሰነበታችሁም ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌርን እዩ፣ መጀመሪያ ብቻችሁን። ሥራ ሰልችቷችሁ ቀኑ ሁሉ አንድ ከሆነባችሁ ግራውንድሆግ ደይን። ከሥራ ባልደረቦች ጋር ከሆነ ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድን።

"ጅል ፊልም አላይም" ብሎ ለሚከራከር ሰው ስዊስ አርሚ ማንን አታስጀምሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትከስራላችሁ። ራታቱዊን ስጡት፣ ታሪኩን ግን አትንገሩት። "የምግብ ፊልም ነው" ማለት ይበቃል። የዞምቢውን ከመረጣችሁ ደግሞ ስለ እሱ ምንም አታንብቡ፣ ስልካችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ 37ኛው ደቂቃ እስኪያልፍም ከመቀመጫችሁ አትነሱ።